ዶክቶራ የመለሱት ታሪክ

ዶክቶራ ግብፃዊት ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር። ተማሪዎቻቸውን የሚጠይቁት ነገር ይገርመኛል፤ የተበደለ ሰው ታሪኩን ሲናገር ማን ይሰማዋል? ከተሰማ በኋላስ ታሪኩ የማን ነው? እኔ ይህን ያወቅሁት ለሳቸው በማስተርጎም ነው። ዓረብኛውን ከሰው ቤት ኩሽና፣ እንግሊዝኛውን ከቴሌቪዥን እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። ወሬ ከሚቀርብኝ ምሳ ይቅርብኝ የምል ሴት ስለሆንኩ፣ ዓርብ ዓርብ አርድ ኤል ሊዋ በሚባለው ሰፈር እኛ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በጋራ ወደተከራየነው ቤት ሲመጡ ደስ ይለኝ ነበር።

ለሚጽፉት መጽሐፍ የሴቶቹን ታሪክ በስልካቸው ይቀዳሉ። አብዛኞቻችን የተቀማ ፓስፖርት፣ የተቆለፈ በር ነበር የምንነግራቸው። ሁሉም እውነት ነው። አብራኝ የምትኖረው የወሎ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነገረቻቸው። እዚህ የምጽፈው ራሷ ፈቅዳልኝ ነው፤ «ባማርኛ ከሆነ ጻፊው፣ ማዳም አማርኛ የት ታውቅና» ብላኛለች፤ ማዳም የምትላት አሠሪዋን ነው።

ሸይኽ ዛይድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ በምትሠራበት ቤት የምታሳድገው ሕፃን ነበረ። አንድ ቀን እናቱ ሥራ ሳለች ሶፋውን ለቀቀና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ተራመደ። ለእናቱ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲያ እናትየው ከሥራ ስትገባ ልጁን ሶፋው አጠገብ ታቆመውና ዞር ትላለች። አንድ ምሽት ታዲያ ሄደላት። እናትየው እያለቀሰች ለዘመድ ሁሉ ደወለች። ልጅቷም እንደ አዲስ እልል አለች።

ዶክቶራ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «መጽሐፌ በዚህ ነው የሚጀምረው» አሉ። ስሟ እንደማይጠራ አስረዷት፣ እሷም ፈረመች።

በሚቀጥለው ዓርብ ባስቡሳ የሚሉትን ጣፋጭ ኬክ ይዘው መጡ። ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ፣ «እትዬ፣ ታሪኬን ይመልሱልኝ በያቸው» አለችኝ።

«ፈርመሽ የለም እንዴ?»

«ብፈርምስ? ተረት ያወራ ሰው ሲጨርስ ‹ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ› ይል የለም? የኔ ሲሆን ነው የማይመለሰው?»

የአገራችንን ልማድ ጨምሬ ተረጎምኩላቸው። ዶክቶራ ፈገግ አሉ። «ዳቦውስ?»

«ባስቡሳው ይበቃል በያቸው።»

ሳቅን። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ስም የለበትም፣ ሰፈሩንም አልጻፍኩም» አሉ ዶክቶራ፣ ቀስ ብለው። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ማንም አያውቃትም።»

«ማዳም እንግሊዝኛ ታነባለች። ሶፋዋን ታውቀዋለች፣ ያንን ምሽት ታስታውሰዋለች። ካነበበችው መጀመሪያ የሄደው ለእኔ መሆኑን ታውቃለች። የሰጠኋትን መልሼ ልቀማት ነው?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ለዶክቶራ አዘንኩላቸው፤ ከሰበሰቡት ሁሉ እሱን ነበር የወደዱት። «ማሌሽ፣ አይዞዎት» ልላቸው አፌን ስከፍት ስልካቸውን አወጡ። የቀዱትን ድምፅ አጠፉት፣ የጻፉትንም አጠፉት፣ እንድታየው ወደ እሷ አዞሩላት።

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ። «ያንቺ ነው።»

ያኔ ተቀመጠች። ባስቡሳውን ቆራርሼ አቀረብኩ።

«የኔም ልጅ» አሉ ዶክቶራ ሳህናቸውን እያዩ፣ «ከዩኒቨርሲቲ ተመልሼ በሩን ከፍቼ ስገባ ነው የሄደው። ልክ ስገባ። ቤታችን ያኔ ልጁን የምትይዝ አንዲት የአስዋን ልጅ ነበረች...»

ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። ለልጅቷ በአማርኛ ስነግራት የማናቸውንም ዓይን ማየት አልቻልኩም። እሷ ከራሷ ሳህን ቁራሽ አንስታ ዶክቶራ ሳህን ላይ አደረገችላቸው።

«ልጅ እግሩ የሚጠናው እናቱን ሲያይ ነው በያቸው» አለችኝ።

አልኳቸው።