ለተጠባባቂው የሄድንበት ሽምግልና

እንደ ተስፋማርያም ያለ ግትር አላየሁም። አሜሪካ ውስጥ ፍሪድሊ በምትባል ከተማ ባለ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው፤ ከቁጥር በቀር የሚያምነው ነገር የለም። በ1996 ልጁ ንዋይ ሴንት ፖል በሚገኝ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወት ነበር፤ ኳስ ታቅፎ ለሚሮጠው ቋሚ ተሰላፊ ተጠባባቂ ሆኖ። አባትየው አሰላው። ቋሚው ኳስ በያዘ ቁጥር በአማካይ አራት ያርድ ይሮጣል፣ ንዋይ ግን ሰባት።

«ልጄን በድለውታል!» ብሎ እኔንና ሐብተማርያምን ለሽምግልና ወደ አሰልጣኙ ቢሮ ወሰደን። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባም ብንለውም እኛን ቀድሞ ገባ።

አሰልጣኙ ወንበር ሳበልን። ሽማግሌ ጥያቄው ሳይፈቀድለት አይቀመጥምና፣ «ልጁን ቋሚ ተሰላፊ ያድርጉልን፤ እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አልነው። ሰውየው ፊቱ ቀላ። ስልኩን ሲያነሳ ፖሊስ ሊጠራብን መሰለኝ። የጠራው ግን ንዋይን ነበር። ልጁ በሩ ላይ ሲያየን ክው አለ።

«መቼ መቼ እንደማስገባህ ለአባትህ ንገረው» አለው አሰልጣኙ።

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የሚመልሰው ልጅ መሬት መሬት እያየ በአማርኛ ተናገረ፦ «ማሸነፋችን ከታወቀ በኋላ ነው፣ አባዬ። ያኔ ተጋጣሚዎቻችንም ተጠባባቂዎቻቸውን ነው የሚያሰልፉት።»

 ያ ሁሉ ስሌት ሲሠራ፣ ሰባቱ ያርድ በማን ላይ እንደተገኘ ተስፋማርያም አልጠየቀም ነበር።

እኔና ሐብተማርያም እንደቆምን ቀረን። ተስፋማርያም ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ።