የሁመድ መደብ

ሁመድ ጌጃ ሰፈር ብስክሌት የሚጠግን ጎረቤቴ ነው። በ2003 ዓ.ም. መንገዳችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ሲል፣ የማን አጥር ወደ ውስጥ እንደሚገባ እንዲለካ እሱን መረጥነው።

ሜትር አልያዘም። ብስክሌቱን እየገፋ፣ በክራንች የምትሄደውን ጎረቤታችንን ሲቲን ከጎኑ ያስኬዳል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያላሳለፈ አጥር ላይ በኖራ ያሰምራል። ሲቲ ክረምት ላይ ለጋሪ መንገድ ስትለቅ ቦይ ውስጥ ወድቃ ነበር።

«እማማ፣ የእርስዎም አጥር አንድ ክንድ ይግባ» አለኝ።

«ጽጌረዳዬንስ፣ አንተ?»

«እኔው እተክልልዎታለሁ።»

አጥሬን አስገባሁ። መጨረሻ ላይ የራሱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ያለው መደብ ሲቲን አላሳልፍ አላት።

«ሁሜ! አሁንስ ማን ይግባ?» ብላ ሳቀችበት።

አባቱ ሙያውን ያስተማሩት እዚያ መደብ ላይ አስቀምጠው ነው። ሁመድ ጥቂት ዳሰሰውና በኖራ አሰመረበት፤ በማግስቱ በገዛ እጁ አፈረሰው። ዛሬ ቆሞ ይጠግናል። ሲቲ ስታልፍም የያዘውን ብስክሌት ደወል ይመታላታል።