ሁለት ውሃ

ልጄ ሳባ ከጃፓን ያመጣችልኝ ስጦታ ከመዳፍ የምታንስ የወረቀት ከረጢት ነበረች፤ ከላይዋ ላይ እንፋሎት የሚወጣው ድስት የመሰለ ነገር ተስሎባት፣ ውስጧ ደግሞ ነጭ ዱቄት ስለነበረ፣ እኔ የሾርባ ቅመም መስላኝ ጾም መሆኑን አስቤ ቅቤ ወይም ሥጋ ይኖርበት እንደሆን ጀርባዋን ገልብጬ ማየት ጀመርኩ፤ የጃፓንን ፊደል የማውቅ ይመስል።

«እማ! አይበላም እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። «ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነው። የፍል ውሃ ዱቄት።»

ሳባ እዚህ ሆላንድ ተወልዳ ያደገች፣ ሮተርዳም የምትሠራ ልጅ ናት። በረዶ ላይ መንሸራተትን የተማረችው እንኳን ተራራ ጉብታ በሌለበት በዚህ አገር፣ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ፣ በማሽን በሚሠራ በረዶ ላይ ነው። ዘንድሮ ግን ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እውነተኛ ተራራ ፍለጋ ጃፓን ድረስ ሄዳ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀን ቀን ስትንሸራተት እየዋለች፣ ሲመሻሽ ከምድር በሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ እየተዘፈዘፈች ተመለሰች። ስታወራልኝ በየመሀሉ «ሌከር ነበር እማ፣ ሌከር!» ትላለች። የዚህ አገር ሰዎች ለጣፈጣቸው ምግብም፣ ለተኙት እንቅልፍም፣ ለሞቁት ፀሐይም፣ ለገቡበት ውሃም ይህችኑ አንድ ቃል ነው የሚያወጧት፤ ደስታን አንድ ቁና ሰፍተውለት በዚያው ይሰፍሩታል።

የመታጠቢያውንም ሕግ ነገረችኝ፦ በሳሙና ታጥበው ሳይጸዱ ወደ ሙቁ ውሃ አይገባም፣ ልብስ የሚባል ነገር አይለበስም።

«ምንም?»

«ምንም።»

«በስመ አብ! ሰው ፊት?»

«ሴቶች ብቻ ነን እኮ። ደግሞ ማንም ማንንም አያይም፤ አንቺ ብቻ ነሽ የምትጨነቂው።»

ለብቻቸው በያዙት ትንሽ ገንዳ ውስጥ ጓደኛዋ ያነሳቻትን ፎቶ አሳየችኝ፤ ዕድሜ ለእንፋሎቱ፣ ከአንገቷ በታች አይታይም። ዙሪያውን ድንጋዩን ሁሉ በረዶ አልብሶታል፣ የልጄ ፊት እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ራሷ ላይ ደግሞ በአራት የታጠፈ ነጭ ፎጣ ቁጭ ብሏል። ፎጣው ውሃውን መንካት ስለሌለበት ራስ ላይ ነው የሚቀመጠው አለችኝ። ዓይኔ ፎጣው ላይ ተተከለ። ሳባ የተቆጣሁ መስሏት ስልኳን ቶሎ ሰበሰበች።

እኔ ግን ያንን በአራት የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ከአርባ አምስት ዓመት በፊት አይቼዋለሁ።

ዘ ሄግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ያለችው ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ መታጠቢያ ክፍሏ እንደ ቁም ሳጥን ጠባብ ስለሆነች ገንዳ የሚባል ነገር አያውቃትም። ሳባ ውሃ አፈላችና ሰማያዊውን የልብስ ሳፋ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አምጪ እጅሽን» አለችኝ። እጄን ያመኛል፤ እሷም ታውቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው እናትና አባት ሳጥብ፣ የገንዳውን ሙቀት በክርኔ ስለካ፣ ሽማግሌዎቹ ውሃው ውስጥ ሲገቡ ፊታቸው እንዴት እንደሚፈታ ስመለከት ኖሬአለሁ፤ እኔ ራሴ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። የሚጠይቀኝ ሲኖር ቆሜ መታጠብ ነው የምወደው እላለሁ፤ ለሳባም ያን ዕለት ያቀረብኩላት ምክንያት የባሰ ነበር።

«ጾም ነው፤ በጾም አልቀማጠልም።»

«ውሃም ይጾማል እንዴ እማ?» አለችና ዱቄቱን ዘረገፈችው።

ውሃው እንደ አጓት ነጣ። ወዲያው ሽታው ተነሣ፤ የተጫረ ክብሪት፣ የከረመ እንቁላል፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ። ዲን ነው። ሰዶምን ያነደደው ዲን፤ ለሌላ ሰው አፍንጫ የቁጣ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የእናቴ አንገት ነው የሸተተኝ።

ያደግሁባት ከተማ በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ከበላይዋ ቤተ ክርስቲያንና ጠበል፣ ከበታችዋ ፍል ውሃ። ሰው ነፍሱን ከላይ ሥጋውን ከታች ያሳጥባል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ፍል ውሃው በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ የቆርቆሮ በር ያለው አንድ ገንዳ ሲሆን፣ ጠዋት የወንዶች፣ ከሰዓት የሴቶች ነበር። በር ጠባቂዋ እትዬ በላይነሽ የምትባል ድምፀ ነጎድጓድ ሴትዮ ነበረች፤ ሰዓት ሲሞላ ቆርቆሮውን በዱላ እየደበደበች «የተቀቀለው ይውጣ፣ ጥሬው ይግባ!» ትላለች፤ ስታስነጥስ እንኳ ገንዳው ይናወጣል ይባል ነበር።

እናቴ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ክረምት ከበጋ ከቀዝቃዛ ውሃ የማይወጡት እጆቿን ቁርጥማት ያዛቸውና፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልዘረጋ እያሏት አንድ በአንድ በጥርሷ እየሳበች ስታፍታታቸው አያት ነበር። አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት የፍልሰታን ሁለት ሱባኤ ጠበል ልትጠመቅ ተሳለች። ጠበል የያዘ ሰው ሳሙና አይነካም፣ ሙቅ ውሃም አይገባም፤ ይህንን ከእኔ በላይ የሚጠነቅቅላት አልነበረም። ያኔም እንዲህ ነበርኩ፤ የጾም ቀን በጣቴ የምቆጥር፣ ወተት የቀመሰ ሕፃን ሳይ የምደነግጥ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ያረጀሁ ልጅ።

ግን ልጅ ነበርኩና ሸርተቴ አሸነፈኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ከተማው የሚወርደው ቀይ ቁልቁለት በነሐሴ ዝናብ እንደ ሳሙና ስለሚያሟልጭ፣ የሰፈሩ ልጆች በሙዝ ግንድ ቅርፊት ላይ እየተቀመጡ ከአፋፉ እስከ ሜዳው ይወርዱበት ነበር፤ ሳባ ለተንሸራተተችበት በረዶ ይህን ያህል ገንዘብ ከፍላ ጃፓን መሄዷን ስሰማ ያ ቁልቁለት ትዝ ብሎኝ በልቤ ስቄአለሁ። በዘጠነኛው ቀን እናቴ ጠበሉን በጀሪካን ስትቀዳ እኔ ሾልኬ ሄድኩና፣ አንዴ ብቻ ብዬ ጀምሬ ሰባት ጊዜ ወረድኩ። ስታገኘኝ ነጩ ቀሚሴ ሸክላ መስሏል።

«አንቺ ልጅ! ከእግር እስከ ራስሽ ጭቃ! በዚህ ሁኔታሽ በሰፈር መሀል ይዤሽ ልለፍ?»

ሰፈራችን በከተማዋ ታችኛው ጫፍ ስለነበረ፣ መንገዳችን በፍል ውሃው በኩል ነበር። ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤቱ ስለከተተው ገንዳው ባዶ ነው፤ እትዬ በላይነሽም በጎጇዋ ውስጥ ታንኮራፋለች። እናቴ እኔን ልታጥብ ብቻ ነበር የገባችው፤ ለዚህ ምስክሯ እኔ ነኝ። ቀሚሴን አወለቀችና ደረጃው ላይ ተንበርክካ ታሸኝ ጀመር። እጇ እስከ አንጓዋ ገባ። ከዚያ እስከ ክርኗ። ከዚያ ማሸቱን ትታ ሁለቱንም እጆቿን ውሃው ውስጥ እንዳስቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ጥቂት ቆይታ ቀና ብላ በሩን አየች፤ ቀሚሷን አወለቀች፤ ነጠላዋን የምታስቀምጥበት ደረቅ ቦታ ብታጣ በአራት አጥፋ ራሷ ላይ ጫነችና፣ በውስጥ ልብሷ ቀስ እያለች እስከ አንገቷ ወረደች።

«እፎይ» አለች።

ያን «እፎይ» የዚህ አገር «ሌከር» አይተካውም፤ ረጅም ነው፣ ከእግር ጥፍር ነው የሚነሣው። ዝናቡ ቀዝቃዛ፣ ውሃው ሙቅ፣ እንፋሎቱ በመካከል፤ የዝናቡ ጠብታ ነጠላዋ ላይ ሲያርፍ ይሰማኝ ነበር። ሳያት ያ ነጭ እጥፋት የካህን ጥምጣም መሰለኝና ሳላስበው «እማዬ፣ አባን መሰልሽ!» አልኳት። ሳቀች። እናቴ ፈገግ የምትል ሴት ነበረች እንጂ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ውሃው እስኪነቃነቅ፣ ነጠላዋን በአንድ እጇ ደግፋ ሳቀች። ጣቶቿ ተዘርግተው ነበር፤ አምስቱም።

ስንወጣ ፀጉሬን እያደረቀች «ይቺ በእኔና ባንቺ መካከል ትቅር፣ እሺ የኔ እመቤት?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሁለት ቀን ነው የጠበቅኩት። ሌሊት ሌሊት ጠበል ይቆጣል ሲባል የሰማሁት ሁሉ እየመጣ ያስጨንቀኝ ጀመር፤ ጠበሉ እናቴን ይገድላታል ብዬ ፈራሁ። ቅዳሴ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካለው ወይራ ሥር የነፍስ አባታችንን አባ ተክሌን ጠብቄ፣ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጭቃውን፣ ገንዳውን፣ እስከ አንገቷ መግባቷን። እንዲጸልዩላት ነበር የፈለግኩት። ደጉ ሰው ራሴን ዳብሰው «ምንም አትሆንም ልጄ፣ ሂጂ ተጫወቺ» አሉኝ፤ እኔም ሸክሜን ጥዬ እየሮጥኩ ሄድኩ።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት አባ ቤታችን መጡ፤ ጎረቤቱም ተሰብስቦ ነበር። ማዕዱን ባርከው እንደተቀመጡ፣ የእናቴን ልብ ሊያሳርፉላት ብለው እንጂ ሌላ ክፋት ሳይኖራቸው፣ እየሳቁ «ወለተ ማርያም፣ አትጨነቂ፤ ላይኛውንም ታችኛውንም ውሃ የፈጠረው አንድ ጌታ ነው» አሏት። ነገሩ የገባቸው ሴቶች መሳቅ ጀመሩ።

«ውይ! በሁለት ቢላ ሲበላ እንጂ በሁለት ውሃ ሲታጠብ ሰምተን አናውቅም!» አለች አንዷ።

እናቴ አየችኝ። አንድ ጊዜ ነው ያየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗን አንሥታ የያዘችው ሳህን ላይ አደረገችው። በዚያች ቅጽበት ብትመታኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

«ባለ ሁለት ውሃ» የሚል ስም ወጣላት። ሰው በክፋት አልነበረም የሚጠራት፤ በፍቅር ይመስለኛል፣ ግን ስም ከተለጠፈ በፍቅርም በጥላቻም ያው ነው። በዚያች ጥቅምት በፍል ውሃው በር ስናልፍ እትዬ በላይነሽ ዱላዋን አንሥታ «ባለ ሁለት ውሃ! ዛሬ በየትኛው ነሽ?» ስትላት፣ እናቴ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ እጄን ጨብጣ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ገንዳ አልገባችም፤ አንድም ቀን። አልገሠጸችኝም፣ አላነሣችብኝም፤ ጣቶቿ ብቻ በየክረምቱ ትንሽ በትንሽ ወደ መዳፏ እየታጠፉ ሄደው፣ ከአገር እስክወጣ ድረስ የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነበርኩ።

እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ወረቀቴ ገና ሳይወጣ፣ ዐረፈች። ከዚያ በፊት በነበረው የመጨረሻ ስልካችን፣ የምለው ጠፍቶኝ፣ በዚህ አገር ከቧንቧ ሙቅ ውሃ እንደሚወርድ አወራሁላት።

«እንደ ፍል ውሃው?» አለችኝ።

«ሽታ የለውም እንጂ፣ እንደሱ ነው እማዬ።»

ይቅር በይኝ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። እናቴ «እንግዲያው ለእኔም ታጠቢልኝ» አለች። እኔም ስለ ብርዱ ማውራት ጀመርኩ።

ንስሐ አባቴ ይህንን ሁሉ ያውቃሉ፤ እግዚአብሔርም ያውቃል፤ ቀኖናዬንም ፈጽሜአለሁ። ያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ያለመቀመጥ ነገር ግን ማንም ያላዘዘኝ፣ በራሴ ላይ የጣልኩት ነበር። ታጠቢልኝ ያለችኝን ትቼ እሷ የቀረባትን ለራሴ ከለከልኩ፤ ጥንቁቅ ሰው እንዲህ ነው፣ ሲታዘዝም ያጠፋል።

«እማ፣ እየቀዘቀዘ ነው» አለች ሳባ።

እጄን ከተትኩ። እስከ አንጓዬ፣ ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ክርኔ። እፎይታው ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት፤ ሳባም ደንገጥ ብላ ፊቴን አየችኝ። ከዚያ የወጥ ቤቱን ፎጣ በአራት አጠፈችና ራሴ ላይ አስቀመጠችው። የምትለውን ጠበቅኩ።

«አሁን ጃፓን መሰልሽ» አለችኝ።

ያኔ ነገርኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ስለ አያቷ ከነገርኳት ይልቅ በዚያች ሳፋ አጠገብ የነገርኳት ይበልጣል። ሳባ አልፈረደችብኝም፣ አላጽናናችኝምም፤ ከማንቆርቆሪያው ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨመረችልኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ሳቋ እንዴት ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ቀዩ ቁልቁለት አለኝ፤ የቆርቆሮው በር፣ የዱላው ድምፅ፣ ነጠላዋ ላይ የሚያርፈው ጠብታ ሁሉ አለኝ። ሳቋ ግን የለም። ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ከጉሮሮዋ ይሁን ከደረቷ፣ ፈለግኩት፤ ሄዷል። መቼ እንደሄደ እንኳ አላውቅም። ለአባ ስነግራቸው ጭቃውንም፣ ገንዳውንም፣ እስከ አንገቷ መግባቷንም ነግሬአቸዋለሁ፤ መሳቋን ግን አልነገርኳቸውም። ኃጢአት የሆነውን ብቻ ነበር የቆጠርኩላቸው። ያንንም ነግሬአቸው ቢሆን፣ አባ በፍቺው ማዕድ ላይ እሱንም ባነሡት፣ በዚያ ቤት ከነበሩት ሁሉ አንዱ ይዞልኝ ይቆይ ነበር።