የእትዬ ወርቅአፈራሁ እንጉዳይ ቤት

ቦንጋ ገበያ ላይ ነጭ እንጉዳይ ካያችሁ የእትዬ ወርቅአፈራሁ ነው። ሥልጠና የወሰዱ ጊዜ «ያልፈላ ነገር እንጉዳይ ቤት አይገባም» ተባሉ፤ በቃ፣ ሃይማኖት አደረጉት! ገለባውን በበርሜል ይቀቅላሉ፣ ውሃውን ያንተከትካሉ፣ የገባውን ሰው ሁሉ በበረኪና ያስታጥባሉ። ሰው አይፈላ ሆኖባቸው እንጂ ምራታቸውን ሃሌሉያንም በርሜሉ ውስጥ ከመክተት አይመለሱም ነበር።

ሃሌሉያ ምን አጠፋች? ምንም! ከቢታ ገነት ገጠር መምጣቷ ብቻ። ዘንድሮ እንጉዳዩ ቡናማ ነጠብጣብ እያወጣ፣ እየሸተተ ሲበላሽ እትዬ «እጇ ነው» አሉ። እሷ እየሰማች ልጃቸውን ኢያሱን ጠሩና፣ «የሚቀጥለው ምርት ከተበላሸ ሚስትህ ከዚህ ቤት ትወጣለች» አሉት። ነፍሰ ጡር እኮ ናት! ኢያሱ የባጃጁን ቁልፍ እያሽከረከረ ወደ ሥራው ወጣ። ወይ ወንድ!

ሳሙኤል የሚባል ተመራማሪ ችግሩን ሰምቶ አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ።

«በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ይሄም ባክቴሪያ ነው፣ ግን ጥሩው፤ መጥፎውን ያሸንፈዋል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እርጩት» አለ።

«በጀርም ላይ ጀርም?» እትዬ ተንገሸገሹ።

እሳቸው ለለቅሶ ዋጫ ከተማ ሄደው ሲሰነብቱ ሃሌሉያ የጠርሙሱን ግማሽ በጥብጣ ረጨች። ሲመለሱ እንጉዳዩ ነጭ በነጭ ሆኖ ብቅ ብሏል። ለቀማው እስኪደርስ አንድ ርጭት ብቻ ቀርቶታል።

«እማማ፣ ተረፍኩ አይደል?» አለች ሃሌሉያ እየሳቀች።

«እናያለን» አሉ። ደስ ሊላቸው ሲገባ አንገበገባቸው።

በማግስቱ ሃሌሉያ ገበያ ስትወጣ የቀረውን መድኃኒት ድስት ውስጥ ገልብጠው አፈሉት። ተንኮል አስበው አልነበረም፤ ያልፈላ ነገር አይገባማ! አቀዝቅዘው ጠርሙሱ ውስጥ መለሱት። ሃሌሉያም ምንም ሳታውቅ ረጨችው።

ለቀማው ሲደርስ ነጩ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ዝልግልግ አለ። እትዬ የምራታቸውን ልብስ ራሳቸው ጠቅልለው በር ላይ አስቀመጡት።

«እማማ፣ እባክዎ፣ ወልጄ ልሂድ!» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ቀሚሴን ልቀቂ» አሏት። ኢያሱ በባጃጁ ጭኖ መናኸሪያ ወሰዳት።

ወዲያው ሳሙኤል ደረሰ። የተበላሸውን እያገላበጠ፣ «እንዴት ነው የረጫችሁት?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ራሴ አፍልቼው ነዋ!» አሉ በኩራት።

«አፍልተው? እትዬ፣ ጥሩውን ባክቴሪያ ገደሉት እኮ! ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሲፈላ ይሞታል።»

እትዬ ዞር ብለው ድስቱን አዩት። ለካ! ሳሙኤል ራሱን እየነቀነቀ ሲወጣ ወደ መናኸሪያው መንገድ አንዴ አዩና ፊታቸውን መለሱ።

ኢያሱ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ። «እማዬ፣ ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ሰውዬውን መንገድ ላይ አየሁት፤ ምን አለ? ልመልሳት?»

እትዬ ወርቅአፈራሁ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«እንጉዳዩን የገደለችው እሷ ናት አለ» አሉት።

ኢያሱ ባጃጁን ግቢ አስገባና በሩን ዘጋ።