በጽድ ዛፍ የቀናሁበት ዘመን

ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም ቤት ለቤት ቢጠየቅ፣ እንደ እኔ ቅናት የማያውቅ ሰው አይገኝም። ጎረቤቴ መኪና ሲገዛ ጎማውን ሳይቀር የምመርቅ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ሐኪሙ ለደም ግፊትህ ይበጃል ብሎኝ ላፍቶ መናፈሻ ተቀምጬ፣ የታጨደ ሳር ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው አንጀቴ እርር አለ። ያረረውም በአንዲት የጽድ ዛፍ ነው።

በደርግ ጊዜ መካኒሳ ሰፈራችን ውስጥ በእሁድ ዘመቻ ያለማነው መናፈሻ ነበር፤ የአልጋ ልብስ የምታህል ሳርና ለየአባወራው የተመደበ አንዳንድ ችግኝ። የአባቴ ድርሻ ጽድ ነበረች። አባቴ የማያልቀው ስብሰባ ፊቱን አጥቁሮት ሲገባ፣ ድመታችን እንኳ ትንፋሿን ውጣ አልጋ ሥር ትደበቃለች። ከዚያ በጣሳ ውሃ ይዞ ወደ መናፈሻው ይወጣል፤ ሲመለስ ፊቱ በቅቤ የታሸ ይመስል ወዝቶ፣ እያፏጨ ነው። እኔ ከክፍሌ አንደኛ ብወጣ እንኳ፣ አልወጣሁም እንጂ፣ እንዲያ አይፈካልኝም።

እናቴ ጠረጠረች። «ሰው በዛፍ እንዲህ አያምርበትም፤ ሴት አለች። ሂድና እይ፣ እንዳያይህ ብቻ» ብላ ላከችኝ።

ከቁጥቋጦ ኋላ ሆኜ አየሁት። ጫማውን አውልቆ እግሩን ሳሩ ውስጥ ቀብሮ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር ድምፅ እያስመሰለ ለጽዷ ይቀልድላታል፤ ብቻውን ይንፈቀፈቃል። ቀልደኛ አባት እንዳለኝ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አላስችል ብሎኝ ወጣሁ።

«አባዬ፣ እኛ ቤት ለምን አትቀልድም?»

ደንግጦ ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ አጠገቡ አስቀመጠኝ። «እሷ የሰማችውን ለማንም አታወራም፣ ማሙሽ። አንተስ?»

የእኔ ምላስ ያን ጊዜ ከመካኒሳ ተነስቶ ሳሪስ ይደርስ ነበር። ለእናቴ ግን «ሴት የለችም» ብቻ ብዬ ዋጥኩት። እሱም ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ይዞኝ መውጣት ጀመረ፤ ለጽዷ የሚነግራትን ለእኔም ይነግረኛል፣ ሁልጊዜ ግን ለእሷ አስቀድሞ።

አሁን ጽዷ በነበረችበት ፎቅ ቆሟል፤ አባቴም የለም። ሐኪሙ አልዋሸም፣ ጫማዬን አውልቄ ስቀመጥ ልቤ ይረጋል። ከሰዓቱን ሙሉ ስጠፋ ግን «ሴት ይዞ ይሆናል» ብሎ ልጅ የላከብኝ የለም፤ ሚስቴ እኔን ጠርጥራ አታውቅም። ዛሬ የምቀናው በአባቴ ነው። ከጀርባዬ ያለውን ቁጥቋጦ ደጋግሜ ዞሬ አይቼዋለሁ።