የሰማሁትን እደግማለሁ

ጌታ ይባረክ! ቅዱሳን፣ እንደምን አደራችሁ? አካም ቡልታኒ! ኧረ ጮክ በሉ፣ እኔ እኮ በአንድ ጆሮ ነው የምሰማው! እህ... አሁን መጣ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ጌታ ያደረገልኝን በዚህ መድረክ ላይ ሳልናገር ሥራ አልጀምርም ብዬ መጋቢን ሳስቸግር ሰነበትኩ። ዛሬ ጠዋት "ዘነበች፣ ዕድሉ ያንቺ ነው፤ ብቻ አጠር አድርጊው" አሉኝ። መጋቢ፣ እሞክራለሁ። ማይክ ስይዝ የመጀመሪያዬ አይደለምና አትስጉ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ የልብስ ሰፊዋ የእትዬ ብዙነሽ እህት መሆኔን ነው። ከዚያ በፊት ግን ወታደር ነበርኩ። ሃምሳ አለቃ ዘነበች፣ የሬዲዮ ኦፕሬተር!

የእኛ ሥራ አንድ ሕግ አለው። በሬዲዮ የሰማኸውን ትዕዛዝ መልሰህ ትደግመዋለህ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው "ትክክል ነው፣ ደርሷል" እስኪልህ ድረስ እንዳልሰማህ ነው የምትቆጠረው። በእኛ ሥራ ሳይደግሙ ዝም ማለት ሰው ያስገድላል። ስለዚህ ነገሩ ደም ውስጥ ይገባል። ለፈቃድ አዳማ ስመጣ ገበያ እወጣለሁ፣ ነጋዴው "ሽንኩርት አልቋል" ይለኛል፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ "ሽንኩርት አልቋል!" እላለሁ። የማሾፍበት ይመስለውና ይቆጣል። እትዬ ብዙነሽ እጄን ይዛ ትጎትተኛለች፤ "ኧረ ሰው ታስቂብኛለሽ አንቺ ልጅ!" እያለች።

በእኔ ሬዲዮ ወዲያ ማዶ ብዙ ጊዜ የነበረው ሰው አስር አለቃ ገመቹ ይባላል፣ የአርሲ ልጅ ነው። መልኩን ሳላይ ድምፁን ነው ለረጅም ጊዜ የማውቀው። ስሙን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከእግዚአብሔር ጋርስ እንዴት ነበርሽ ብትሉኝ፣ ጠብ አልነበረንም። ግን አንነጋገርም ነበር። እህቴ በስልክ "እየጸለይኩልሽ ነው" ስትለኝ "እሺ፣ ጥሩ" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። እኔ የማምነው በሬዲዮዬና በባትሪው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የከባድ መሣሪያ ጥይት አጠገባችን ወደቀ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ። አንዲት ነርስ በቀኜ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ ደነገጥኩ። እሷ ገባት፤ አልጋውን ዞረችና በግራዬ መጣች፣ ጎንበስ ብላም "አይዞሽ እህቴ" አለችኝ። እኔስ ምን አልኳት? "አይዞሽ እህቴ!" ሳቁ፣ ሳቁ! እሷም ስቃለች። ያን ቀን ነርስ መሆን ተመኘሁ። ሰው በሚሰማበት በኩል ዞሮ የሚመጣ ሰው መሆን አማረኝ።

ዶክተሩ እውነቱን ነገረኝ። "የቀኝ ጆሮሽ ነርቭ ተጎድቷል፣ በኦፕሬሽን የሚመለስ አይደለም። ግራሽ ደህና ነው። ሰው ሲያናግርሽ በግራሽ በኩል አድርጊው" አለኝ። ከዚያ ከሠራዊቱ ተሰናበትኩና እዚህ አዳማ እህቴ ቤት ገባሁ። ሬዲዮ የለም፣ ትዕዛዝ የለም። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጬ የመርፌውን ድምፅ እሰማለሁ፤ እሱንም በአንድ ጆሮ።

እዚህ ጋ ጌታ ሥራውን ጀመረ፣ እኔ ግን አላወቅኩም። እትዬ ብዙነሽ አንድ ቀን ሮጣ መጣች። "ከሠራዊቱ ለተሰናበቱ ሰዎች የኮሌጅ ድጋፍ አለ አሉ! ክፍያውንም፣ መጽሐፉንም፣ ታክሲውንም ይችላሉ። ነርሲንግ አለው!" አለችኝ። አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ። እሷማ ትምህርት ሳይጀመር ነጩን ጋዋን ሰፍታ፣ ተኩሳ ሰቅላዋለች። ሃሌ ሉያ!

ቅዱሳን፣ የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። ክፍል ገባሁና የት ተቀመጥኩ? ወታደር የት ይቀመጣል? መጨረሻ ላይ፣ በበሩ አጠገብ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ! ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ መቀመጥ አልችልማ። ልጆቹ እኔ ልወልዳቸው የምችላቸው ናቸው። መምህሩም ወጣት ነው፣ መምህር ናትናኤል ይባላል። ቆመና "ዛሬ የደም ዝውውርን እናያለን" አለ። እኔ ከኋላ፣ በሙሉ ድምፄ፣ "ዛሬ የደም ዝውውርን እናያለን!"

ከዚያማ ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው! ሁለተኛም ደገምኩ፣ አፌ አምልጦኝ። በዚያው ቀን ስም ወጣልኝ፤ "ማዘር ሬዲዮ"። ዛሬ ሳወራው እኔም እስቃለሁ፣ ያኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ። ሳልደግም ደግሞ የሰማሁት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አይቀመጥም። ከኋላ ሆኜ የመምህሩ ድምፅ ግማሹ ይደርሰኛል፣ ግማሹ አይደርሰኝም። ጆሮዬ እንደማይሰማም ለማንም አልተናገርኩም። ፈተናውን ወደቅኩ።

ቢሮ ጠሩኝ። "የሚቀጥለውን ካላለፍሽ ድጋፉ ይቆማል። አንዴ ከቆመ ደግሞ ተመልሶ አይሰጥም" አሉኝ። ነርስነቴ በዚያች ፈተና ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ቤት ገባሁና ለእህቴ "እትዬ ብዙ፣ በቃኝ። ጋዋኑን ፍቺውና ለመዘምራን የሚሆን ነገር ሥሪበት" አልኳት።

እሷም አልተቆጣችም። መቀሷን አነሳች፣ ጋዋኑን ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ አየችኝ። "እሺ፣ እፈታዋለሁ። ከመፍታቴ በፊት ግን እሁድ አንዴ አብረሽኝ ነይ። ካልሆነ መቀሱ ያው እዚህ አለ" አለችኝ። ተንኮሏን አያችሁልኝ? ያቺው እዚያ ተቀምጣ ትስቃለች!

መጣሁ። እዚሁ አዳራሽ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በበሩ አጠገብ፣ ጀርባዬ ለግድግዳ። መጋቢ እየሰበኩ "እግዚአብሔር ሲጠራ ቆይቷል። መልስ ያልሰጠው ሰው ማነው?" አሉ። ወገኖቼ፣ ይሄ ለእናንተ ስብከት ነው፤ ለእኔ ግን የሥራ ጥያቄ ነበር! የሬዲዮ ሰው ጥሪ ሰምቶ ዝም ካለ ምን ሰው ነው? ስንት ዓመት ሙሉ ተጠርቼ እንዳልመለስኩ ያኔ ገባኝና አፈርኩ፣ ልቤም ተነካ። ብድግ ብዬ "አለሁ! እየሰማሁ ነው!" ብዬ ጮህኩ። አስተናጋጁ ወንድማችን የሰከረች ሴት መስዬው ወደ እኔ ሲሮጥ ትዝ ይለኛል። ይቅር ብዬሃለሁ ወንድሜ!

መጋቢ ግን "ተዋት፣ ወደዚህ ትምጣ" አሉ። መድረኩ ሥር ቆምኩ። በግራዬ በኩል መጥተው "ከእኔ በኋላ ድገሚ" አሉኝ። እኔን! ድገሚ! "ጌታ ኢየሱስ ሆይ" አሉ፣ እኔም "ጌታ ኢየሱስ ሆይ!" አልኩ። "ዛሬ ልቤን ሰጥቼሃለሁ" አሉ፣ "ዛሬ ልቤን ሰጥቼሃለሁ!" አልኩ። በዚያው በወታደር ድምፄ። አንድም ሰው አልሳቀም። ሕዝቡ ሁሉ "አሜን" እያለ ያለቅስ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ፤ ቆስዬ እንኳ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት። መጋቢ ጨርሰው አሜን ሲሉ እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። "ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ?" አሉኝ። "በትክክል መድገሜን እንዲነግሩኝ" አልኳቸው። ሳቁና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው "ትክክል ነው ልጄ። ደርሷል" አሉኝ። ሃሌ ሉያ! ሃሌ ሉያ!

በዚያው ዕለት ሽማግሌዎች ለጆሮዬ ጸለዩ። እልልታችሁን ያዘጋጃችሁ እህቶች፣ ቆዩ፣ አትቸኩሉ! ቀኝ ጆሮዬ ዛሬም አይሰማም። ጌታ በወደደ ቀን ይከፍተዋል፣ አይሳነውም። ያን ቀን የፈወሰኝ ግን ከኀፍረቴ ነው። ኀፍረቱማ ሌሊት እንደለቀቀ ትኩሳት ነው፣ ጠዋት ስፈልገው የለም። አሁን እልል በሉ!

ሰኞ ኮሌጅ ሄድኩና መምህር ናትናኤልን ቢሮው አገኘሁት። ስለ ጆሮዬ ነገርኩት። ደነገጠ። "እንዴት እስከዛሬ አልነገሩኝም?" አለኝ።

"ወታደር ስለ ቁስሉ አያወራም" አልኩት።

"እዚህ እኮ ተማሪ ነዎት" አለኝ። "በሉ ከፊት ይቀመጡ፣ ግራ ጆሮዎን ለእኔ ይስጡኝ። የሰሙትን ይድገሙት። ትክክል ከሆነ ትክክል እላለሁ፣ ካልሆነ አርማለሁ።"

ከፊት ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ሰው ከጀርባዬ! "ጌታ ሆይ፣ ጀርባዬን አንተ ጠብቅ" አልኩና ደብተሬን ገለጥኩ። መምህሩ ይናገራል፣ እኔ እደግማለሁ፣ እሱ "ትክክል" ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ከኋላ ያሉት ልጆች "ማዘር ሬዲዮ፣ ድምፅ ጨምሪበት፣ እየጻፍን ነው!" ማለት ጀመሩ። ያቺን ፈተና አለፍኩ። ድጋፉም ቀጠለ። ክብር ለጌታ!

የጌታን ቀልድ ደግሞ ስሙኝ። ለልምምድ ሆስፒታል ወጣን። የምታሠለጥነን ሲስተር ሰብስባን "ሐኪም መድኃኒት በቃል ሲያዛችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ትደግሙለታላችሁ። ትክክል ነው እስኪላችሁ ድረስ መርፌ አትነኩም" አለች። የክፍሉ ልጆች በሙሉ ዞረው እኔን አዩኝ! አንዱ "ሲስተር፣ ይሄንን የምታስተምረን እኮ እዚህ አለች!" አለ። ፊት ወጣሁና ሳሠራቸው ዋልኩ። እነዚያ የሳቁብኝ ልጆች ተሰልፈው ሲደግሙ፣ እኔ "ትክክል ነው፣ ደርሷል" ስል፣ ደስታዬ ከልክ አለፈ። ባለፈው ሳምንት ተመርቄያለሁ። ጋዋኑም አልተፈታም፤ ይኸው ለብሼው መጥቻለሁ፣ እዩት! እትዬ ብዙ፣ ጌታ እጅሽን ይባርክ። አመሰግንሻለሁ፣ ገለቶማ!

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታን እመኑት። እንዳትሰሙት የሚያደርግ ቁስል ቢኖርባችሁ እንኳ በሚሰማችሁ በኩል ዞሮ ይመጣል። እኔ ጋ መጥቷል። እናንተ ብቻ ሲጠራችሁ መልሱለት።

መጋቢ፣ ልጨርስ ነው። ገመቹን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። እሱም ተሰናብቷል፣ ያ ድጋፍ ለእሱም ይገባዋል። ምዝገባው በዚህ ሳምንት ይዘጋል። የወንድሙ ባጃጅ መጠገኛ ሄጄ ስለምነው "ከልጆች ጋር አልማርም፣ ይስቁብኛል" አለኝ። "አዎ፣ ይስቁብሃል" አልኩት። "ስቀው ሲጨርሱ ይወዱሃል።" ጸልይ ስለው ደግሞ ይብሳል፤ "እግዚአብሔር የእኔን ስም አያውቀውም" ይለኛል። ዛሬ እዚህ አለ። ምስክርነቴን ሊሰማ እንዳይመስላችሁ፤ እትዬ ብዙነሽ የቆቃ ዓሣ ትጠብሳለች ብዬው ነው የመጣው። ዞር ብላችሁ አትዩት፣ ይደነግጣል። የት እንደተቀመጠ ግን መገመት አያቅታችሁም፤ በበሩ አጠገብ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ።

ገመቹ፣ ወንድሜ፣ እንደ ድሮው እናውራ። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትደግማለህ። መልእክቱ አጭር ነው። "ጌታ ስሜን ያውቀዋል። ነገ ጠዋት እመዘገባለሁ።" ከመጨረሻው ወንበር እሰማሃለሁ። ቅዱሳን፣ እባካችሁ ጸጥ በሉልኝ።

አልተሰማም ገሜ። ቆይ፣ ግራ ጆሮዬን ላዙርልህ። እንደገና በል።

"ጌታ ስሜን ያውቀዋል። ነገ ጠዋት እመዘገባለሁ።"

ትክክል ነው፣ ወንድሜ። ደርሷል።