ሳንጫወት የሸለምነው ጨዋታ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ መኮንን አንድ ቁልፍ ሰጡኝና «ያ ክፍል ያንቺ ነው» አሉኝ። ቦታው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የወጣቶች ማዕከል ነው። አሮጌው ባቡር መምጣት የቀረበት፣ ከተማው ግን በጅቡቲ መስመር መኪኖች የሚተራመስበት ጊዜ ነበር። የሥራ መደቤ «የመዝናኛ ባለሙያ» ይላል። ከደሴ ስመጣ ወንበርና የፋይል ሣጥን ያለው ቢሮ ነበር ያሰብኩት። በሩን ስከፍት መረብ የሌለው የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበርና አንድ ካርቶን አገኘሁ።

ካርቶኑ ውስጥ ዳይሶች፣ ባዶ ካርዶችና የተባዛ መመሪያ ነበሩ። ማዕከሉን የሚደግፈው ፕሮጀክት የላከው ነው። የፕሮጀክቱን ስም አልጠራም፤ አሁን የለም። መመሪያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። እያንዳንዱ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ አዋላጅ። የሚችለውንና የማይችለውን ካርድ ላይ ይጽፋል። አንዱ ተራኪ ይሆንና «ጎርፍ መጣ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ታሪኩ እስኪያልቅ እንዲህ ይቀጥላል።

«ይኼ ሥራ ነው?» አልኳቸው አቶ መኮንንን።

«ጠዋትና ማታ ትፈርሚበታለሽ አይደል? እንግዲያው ሥራ ነው» አሉኝ።

እውነትም ሥራ መሆኑን ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ተራኪ ብዙ ካወራ ጠረጴዛው ይተኛል። ጥቂት ካወራ ተጫዋቾቹ ይጨቃጨቃሉ። በየደቂቃው ዳይስ የሚያስጥል ተራኪ ሰነፍ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጥሩ ጨዋታ ከመጥፎ የሚለየው ሰው ሲቀመጥበት ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ሲያነቡት ያማረ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ግን በሃያ ደቂቃ ሰውን ሁሉ ወደ ስልኩ የሚመልስ ጨዋታ ስንቱን አይቻለሁ።

ፋጡማን ያወቅኋት በተራኪዎች ሥልጠና ላይ ነው። አዳይቱ በምትባል ከተማ የምታስተምር አፋር ናት። ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተጫወተች። በሦስተኛው ቀን «እትዬ ጥሩነሽ፣ እኔም አንድ ጨዋታ አለኝ» አለችኝ።

ጨዋታዋ የቆመው ዳጉ ላይ ነበር። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የት ዝናብ እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ የት ጠብ እንዳለ ይነጋገራል። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ይናገራል። ሰው በዚያ ወሬ ተማምኖ ከብቱን ይነዳልና መዋሸት ከባድ ነውር ነው። በፋጡማ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን መንገድ ይይዛል፤ ተራኪዋ ለየብቻ በጆሮው የተለያየ ነገር ትነግረዋለች። ሁለቱ ሲገናኙ ዳጉ ይጠያየቃሉ። መዋሸት ይቻላል። ውሸታም መሆኑ የታወቀበት ግን ቅጣቱ አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ዳጉ አይጠይቀውም፣ አይነግረውም። ሰላም ይሉታል፣ ያልፉታል።

ያን ዕለት መኪናው ጋራዥ የገባበት አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር አብሮን ተጫወተ። ስለ ውሃ ጉድጓድ ዋሸና ተነቃበት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰላም እየተባለ፣ ምንም ሳይጠየቅ ተቀመጠ። በመጨረሻ ዳይሱን ወረወረና «ወላሂ እስር ቤት ይሻላል!» አለ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰውን እንዲህ የያዘ ጨዋታ አላየሁም።

ለምን እንደሠራችው ጠየቅኳት።

«ተማሪዎቼ ከተማ ነው የሚያድጉት» አለች። «አንዱ የሰማውን አየሁ ይልሻል፤ ስትይዢው ይስቃል። ይኼን አንድ ቀን የተጫወተ ልጅ ግን በማግስቱ ቃሉን ይመርጣል። በየማዕከሉ ቢደርስልኝ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ለዚያ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ፕሮጀክቱ በየዓመቱ ሰመራ ላይ ምርጥ ጨዋታ ይሸልማል። አንደኛ የወጣው ታትሞ ለማዕከላት ሁሉ ይታደላል፤ የቀረው ለባለቤቱ ይመለሳል። በዚያ ዓመት እኔ ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ተደርጌ ነበር። ፋጡማ ጨዋታዋን ደብተር ላይ በእጇ ጻፈች፤ ካርዱንና ዳይሱን ጨምራ በአረንጓዴ ጨርቅ ቋጠረችና እንዳደርስላት ሰጠችኝ። አስተሳሰሩ የግመል ጭነት የሚታሰርበት ነው። «አንዴ የፈታው ሰው እንደኔ አድርጎ መልሶ አያስረውም» ብላ ሳቀች።

ሰመራ ያኔ ቢሮው ከሰው የሚበዛበት ከተማ ነበር። ሰብሳቢያችን አቶ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ መጡ፤ በዚያ ሙቀት ከረባት አስረዋል። ጨዋታዎቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። በጠረጴዛው ዙሪያ አንድም ወንበር የለም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። የምዘና ቅጽ ታደለን፤ ሽፋን፣ የሥዕል ጥራት፣ የጽሑፍ አቀራረብ፣ ለልማት ያለው አስተዋጽኦ ይላል። መጫወት የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች የለበትም።

«መቼ ነው የምንጫወታቸው?» አልኩ።

«ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ እኛ ዳኞች ነን እንጂ ተጫዋቾች አይደለንም» አሉ አቶ ሰሎሞን። ሦስተኛው ዳኛ የሥዕል መምህር ነው፤ ሰብሳቢው የተናገሩትን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ያጸድቃል።

መሐል ላይ «የአዋሽ ጀግኖች» የሚባል፣ ሽፋኑ ላይ አንበሳና ግመል የተሣለበት፣ በፕላስቲክ የታሸገ ትልቅ ሣጥን ነበር። አቶ ሰሎሞን አንስተው መዘኑትና «ክብደት አለው» አሉ። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ አረንጓዴውን ቋጠሮ በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉና «ይኼ ምንድን ነው? የማን ምሳ ነው?» አሉ።

«እሱን ተጫውቼዋለሁ» አልኩ። «እዚህ ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ወንበር ይምጣና ግማሽ ሰዓት እንሞክረው።»

«ከጨዋታው ባለቤት ጋር ትተዋወቃላችሁ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለፍትሐዊነት ሲባል በዚህኛው ላይ ባይናገሩ ይሻላል።»

ጠረጴዛው ላይ ካለው አንዱን እንኳ የተጫወተ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔንም ለፍትሐዊነት ሲባል ዝም አሰኙኝ። ቋጠሮው ሳይፈታ ለሽፋን ዜሮ፣ ለሥዕል ዜሮ ተሰጠው። ከዚያ አቶ ሰሎሞን ሰዓታቸውን አዩና «ፍየሉ ሳይቀዘቅዝ» አሉ። የውጤቱ ቅጽ መጣ። ፈረምኩ። እጄን ይዞ ያስፈረመኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ የፈረምኩት። ከሰዓት በኋላ ዋንጫው ለ«የአዋሽ ጀግኖች» ሲሰጥ ሣጥኑ ፕላስቲኩን እንደለበሰ ነበር። አጨበጨብኩ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ሚሌ ለቁርስ ቆመ። ፋጡማ እንደተቃጠርነው ምግብ ቤቱ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ መንገዱን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ሻይ አዘዘችልኝ። ከዚያ ቀና ብላ «ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አለችኝ። ዳጉ መሆኑን አውቄያለሁ።

«ተጫወትነው» አልኳት። «ሁሉም ወደዱት። በጥቂት ነጥብ ነው የተበለጥሽው።»

ላጽናናት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። እውነቱ ግን አፍሬ ነው። ቋጠሮውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው። ያሰረችው እንዳሰረችው ነበር። እሷ ስታየው እኔም አየሁት።

«እሺ» አለች። «ሻይሽን ጠጪ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ «የአዋሽ ጀግኖች» ታትሞ ማዕከላችን ደረሰ። ፕላስቲኩን ቀድደን ካርታውን ዘረጋነው። አዋሽ ወንዝ ሰመራን አልፎ፣ ጅቡቲን ሰንጥቆ ባሕር ይገባል! እዚህ አገር አዋሽ ባሕር እንደማይደርስ፣ በረሃው ውስጥ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር የማያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ባለፈ ቁጥር ማዕከላችን ጎራ የሚለው ያ የጅቡቲ መስመር ሾፌር መጥቶ ነበርና ካርታው ላይ አጎንብሶ «ሚሌ ጉምሩክ ላይ ማን አሳለፈው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ የተሻለ ጥቅም ከዚያ ጨዋታ አላገኘንም። ነፋስ በሩን እንዳይዘጋብን ሣጥኑን ማስደገፊያ አደረግነው። አቶ ሰሎሞን እንዳሉትም ክብደት አለው።

በሚቀጥለው ዓመት ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር ብዬ ጻፍኩ። ጨመሩት። «ጨዋታው ተሞክሯል? አዎ/አይደለም» ይላል። ሰመራ ስደርስ ሣጥኖቹ እንደታሸጉ ነው፤ የሁለቱ ዳኞች ቅጽ ላይ ግን «አዎ» ተከቧል። የኔን ባዶውን መልሼ ዳኝነቱን ተውኩ። ከወር በኋላ «ለፍትሐዊ ዳኝነት» የሚል የምስክር ወረቀት ከነፍሬሙ ላኩልኝ። እሱንም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፋጡማ በየሥልጠናው ትመጣ ነበር። ጨዋታዋን በእጇ እየገለበጠች ለሦስት ማዕከል አድርሳለች፤ ለሁሉም ልታደርስ ዕድሜ አይበቃትም። ስታገኘኝ ትስመኛለች። ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ልጆቼን በስም ትጠይቃለች። ከዚያ አጠገቤ ወዳለው ሰው ዞር ትልና «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ትለዋለች። እኔን ከሚሌው ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ጠይቃኝ አታውቅም።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ያልተጫወታችሁትን ጨዋታ አትዳኙ። ዳኝታችሁ ከሆነም፣ ባለቤቱ ሲጠይቃችሁ አልተጫወትነውም በሉ።